የኦቦ ታሲሳ ክት ጆሮ

ኦቦ ታሲሳ ማረፋቸውን የሰማሁት ሲሬ ከተማ፣ የአሥረኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ሳለ ነው። የደወለችልኝ ልጃቸው ለሊሴ ነበረች። "ባርሲሳ፣ አባ አረፈ" አለችኝ። ከዚያ በሰው ሞት ጊዜ የማይጠየቅ ጥያቄ ከአፌ አመለጠኝ። "ጆሯቸው ላይ አድርገውት ነበር?" አልኳት። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየመኝ ነበር። ለሊሴ ግን "አዎ፣ ሁለቱንም" ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። ነቀምት ስድስት ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር በእነ ኦቦ ታሲሳ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ኖሬያለሁ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ በስሜ የጠራኝ የለም። ከጎጃም የመጣሁ ብቸኛ ሰው ስለነበርኩ ስሙን መያዝ አስቸግሯቸው ይሆናል፣ ወይም ደግሞ ባርሲሳ ይበቃዋል ብለው ይሆናል። እኔም ወደድኩት።

ኦቦ ታሲሳ ባለወፍጮ ነበሩ። ወፍጮ ቤታቸው ወደ ገበያ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነው፣ ከግቢው የአሥር ደቂቃ መንገድ። ቅንድባቸው ሁልጊዜ ነጭ ስለነበረ ከፀጉራቸው ቀድሞ የሸበተ ይመስል ነበር፤ እሑድ ታጥበው ሲወጡ ግን ጥቁር ነው፣ አሥር ዓመት ወጣት ይሆናሉ። ሥራቸውን የሚሠሩት በጆሮ ነበር። እህሉን ሳያዩ፣ ድንጋዩ የሚያወጣውን ድምፅ ብቻ ሰምተው "ይሄ በቆሎ አልደረቀም፣ ወስደሽ አስጪው" ይላሉ። ድንጋዩ መወቀር እንዳለበትም የሚያውቁት በድምፁ ነው። አንዲት ሴት ወሬ ይዛ ማፍሰሱን ከረሳችና ወፍጮው ባዶውን መዞር ከጀመረ ግን ቁጣቸው ለጉድ ነው። "እህል ያጣ ድንጋይ ራሱን ይፈጫል!" ብለው ይጮሁባታል። ይህን አባባላቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

እንዲህ ያለ ጆሮ ያላቸው ሰው የእኔን ሰላምታ አለመመለሳቸው መጀመሪያ በጣም አናዶኝ ነበር። በተማርኳት ጥቂት ኦሮምኛ ጠዋት ጠዋት "አከም ቡልተን፣ ኦቦ?" እላለሁ። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጫማቸውን ያስራሉ። ደግሜ እላለሁ። ተነስተው ይሄዳሉ። ጆሮ ዳባ ልበስ ያሉኝ መስሎኝ፣ የጎጃም ሰው አይወዱም ማለት ነው ብዬ ስድስት ወር በሆዴ ይዤባቸው ኖርኩ። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው፤ ጥፋቱ እሳቸው ጋ መሆኑን እንጂ ሌላ ነገር ሊኖር እንደሚችል አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም።

ነገሩ የገባኝ አንድ እሑድ ነው። እሑድ ወፍጮ አይሠራም፤ ኦቦ ታሲሳ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ምእመን ናቸው፣ በሰንበት ቀልድ አያውቁም። ከሰዓት በኋላ በቁልቁለቱ ሳልፍ ግን የወፍጮ ቤቱ ሞተር ይንደቀደቃል። ሌባ ነው ብዬ ገባሁ። ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያገናኘው ቺንጋ ተፈትቷል፣ ድንጋዩ ቆሟል፣ ሞተሩ ብቻውን ይጮኻል። ኦቦ ታሲሳ በክት ኮታቸው ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ግድግዳ ተደግፈዋል። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ብዙ ቀን የጠማው ሰው ውሃ ሲጠጣ የሚታይ ነው።

ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ሞተሩን አጠፉት። ጸጥ እንዳለ ፊታቸው ተለወጠ፣ አንገታቸው ወደ ትከሻቸው ገባ።

"ባርሲሳ፣ ድምፅ ታስተምራለህ አይደል?" አሉኝ ጮክ ብለው።

"አዎ፣ በሁለተኛው መንፈቅ" አልኳቸው።

"እንግዲያው ይሄን ከጆሮዬ ውሰድልኝ።"

የዚያን ቀን ሁሉን ነገሩኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ቀጭን ፉጨት ነው አሉ፣ ትንፋሽ የማይወስድ ሰው የሚያፏጨው። ቀንም ሌትም አያርፍም። ጸጥታ በሆነ ቁጥር ይበረታል፣ ጫጫታ ባለበት ግን ይደበቃል። ከፉጨቱ ጋር የሰውም ድምፅ እየራቃቸው ሄደ፤ መጀመሪያ የሴቶች፣ ቀጥሎ የሩቅ ሰው፣ በኋላ ከጀርባ የሚናገር ሁሉ። ባለወፍጮ ደንቆሮ ነው እንዳይባሉ ግን ለዓመታት ደበቁት፣ መጀመሪያ ከቤት ሰውም ጭምር፣ በኋላ ከውጭ ሰው። የድንጋዩ ድምፅ ወፍራም ስለሆነ እሱ እስከ መጨረሻው አልጠፋባቸውም። "ሰው እንደሆነ ጆሮህ ሲጮህ የሚያማህ አለ ይላል" አሉኝና ሳቁ። "አሥራ ሁለት ዓመት ሳያርፍ የሚያማኝ ይሄ ሰው ሥራ የለውም?"

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእኔ አልፎ ለሁሉም ታወቀ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው እጃቸውን ጭነው ጸለዩላቸው። አንደኛው በመሃል ቆም ብለው "ድምፁ ምን ይልሃል?" ብለው ጠየቋቸው፣ መንፈስ እንደሆነ ለመለየት። ኦቦ ታሲሳ "ምንም አይልም። ቢናገርማ ደግ ነበር፣ እመልስለት ነበር" አሉ። ጸሎቱ ሦስት ጊዜ ተደገመ። በሦስተኛው ግቢው ሁሉ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ፉጨቱ ግን እንዳለ ነው። ሰው ፊት ተሞክሮ ያልሆነ ነገር እንዴት እንደሚያሳፍር ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሐኪም ቤት የሄዱ ጊዜ የተነገራቸው ደግሞ አጭር ነበር። ጆሮህን የበላው ወፍጮው ነው፣ ተወው። ኦቦ ታሲሳ ታዘዙ፤ ወፍጮውን ለእህታቸው ልጅ ሰጥተው ቤት ዋሉ። የመጀመሪያውን ቀን በር ላይ ባለችው ወንበራቸው ተቀምጠው ዋሉ። በሁለተኛው ቀን ግቢውን ሲዞሩ ዋሉ፣ አጥሩን እየተደገፉ፣ በረት ውስጥ እንደተዘጋበት በሬ። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ ወፍጮ ቤት ነበሩ። ልቆጣቸው ስሄድ ያሉኝን አልረሳም። "ገዳዬም መድኃኒቴም አንድ ቤት ነው ያሉት፣ ባርሲሳ። የትኛውን በር ልዝጋ?"

ስለ ድምፅ ሞገድ አርባ ደቂቃ ማውራት እችላለሁ፤ እሳቸው የጠየቁኝ ግን እሱን አይደለም።

ስለ ባለቤታቸው ሳልናገር ወደፊት መሄድ አልችልም። አዴ ጌጤ ቢላ ከምትባል ከተማ የመጡ ናቸው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውም እንደሰውነታቸው ቀጭን። የኦቦ ታሲሳ ወንበር በር ላይ ወደ ግቢው መግቢያ ዞራ ነበር የምትቀመጠው፤ የሚገባውን ሰው በጆሮ ስለማያውቁት በዓይን ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ አዴ ጌጤ ቤት ውስጥ ሆነው እህል ሲለቅሙም፣ ሽንኩርት ሲልጡም ሁልጊዜ ከባላቸው ጀርባ ናቸው። ለባላቸው የሚናገሩት በጩኸት ነው፤ እኔ መጀመሪያ ጭቅጭቅ ይመስለኝ ነበር። "ብላ!" "ሰው መጣ!" "ዝናብ ነው፣ ግባ!" ይሄን እኛ ተከራዮች ሁላችን እንሰማለን፤ ምን እንደሚበሉ፣ ማን እንደመጣ፣ መቼ እንደሚታጠቡ እናውቃለን። በጩኸት የሚነገር የትዳር ነገር ደግሞ ስንት ነው? ስለ ጨው ይጮኻል። ስለ ሆድ አይጮህም። እሱን ሆድ ይፍጀው ብሎ መተው ነው። አንዳንዴ ግን በመስኮቴ ሳይ አዴ ጌጤ ከባላቸው ጀርባ ተቀምጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ይጸልያሉ ብዬ አልፍ ነበር።

አንድ የማይወራ ነገርም በዚያ ቤት ነበር። ለሊሴ፣ አንድ ልጃቸው፣ በነርስነት እንደተመረቀች አባቷ ያልወደዱትን ሰው ልታገባ አዲስ አበባ ሄዳለች። ስምንት ዓመት ሆኗታል። ከእናቷ ጋር በስልክ ትገናኛለች፣ ከአባቷ ጋር ግን ቃል የለም። ኦቦ ታሲሳ ስለሷ የተናገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ "ኤባ ሳትጠይቅ የሄደች ልጅ ናት" አሉኝ። ኤባ ምርቃት ነው። እዚያ አገር ልጅ ከቤት ሲወጣ አባቱ ፊት ቆሞ መርቀኝ ይላል፤ የተጣላ እንኳ ቢሆን ይጠይቃል፣ አባትም የተቆጣ ቢሆን እንኳ ይመርቃል። ሳይጠይቁ መሄድ አባት የለኝም እንደማለት ነው። ሰውዬው ይሄን ሲሉኝ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ ሰማሁት።

የጆሮ ባለሙያዎች ለአንድ ሳምንት ነቀምት መጡ ተባለና ጎትቼ ወሰድኳቸው። መረመሯቸውና የመስማታቸው ልክ በመስመር የተሣለበት ወረቀት ሰጡን። የመስሚያ መሣሪያ ቢያገኙ ለመስማቱም ለፉጨቱም ይረዳል፣ እዚህ ግን የለንም አሉ። ማታ አዴ ጌጤ ክፍሌ መጥተው፣ የወረቀቱን ፎቶ ለለሊሴ እንድልክላት በሹክሹክታ ለመኑኝ። ላክሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ አንዲት ትንሽ ሣጥን መጣች። ውስጧ ሁለት አመድማ መሣሪያዎች፣ ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጡ፣ እያንዳንዳቸው ከባቄላ እምብዛም የማይበልጡ። የምሥር ፍሬ የሚያህሉ ባትሪዎችም ነበሩ። ኦቦ ታሲሳ ሣጥኗን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ማን እንደላካት ሲነገራቸው ይዘዋት ወደ ውስጥ ገቡ።

እኔ በሳምንቱ ሰውዬው እስክስታ ይወርዳሉ ብዬ ጠበቅሁ። ወር አለፈ፤ ምንም የለም። ያው ወፍጮ ቤት፣ ያው "ብላ!"፣ ያው በእሑድ የሚጮኸው ሞተር። እንዲያውም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነው። ግራ ገባኝ። አንድ ማክሰኞ ቤታቸው ገብቼ ሳለ ዕቃ መደርደሪያው ላይ፣ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሥር፣ ከክት ጫማቸው አጠገብ ሣጥኗን አየኋት። ከፈትኳት። ሁለቱም እዚያው ናቸው።

ወፍጮ ቤት ድረስ ወረድኩ፤ ሞተሩን አስጠፋሁ።

"ኦቦ፣ ለምንድን ነው የማያደርጉት?"

"አደርጋለሁ እንጂ። እሑድ እሑድ አደርጋለሁ።"

"በሌላው ቀንስ?"

እንደ ሞኝ አዩኝ። "ክት ነው እኮ" አሉ።

በዚያ ቤት ክት የማይወጣለት ነገር አልነበረም። ክት ኮት፣ ክት ጫማ፣ ክት ብርድ ልብስ፣ ክት ብርጭቆ። ጥሩ ነገር በአዘቦት አይነካም። መስሚያውንም እንደዚያው አድርገውት ኖረዋል፤ በጸጥታው ቀን ሁሉ ከሣጥኑ አይወጣም፣ እሑድ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ጆሮ ሲሰነጥቅ አድርገውት ይቀመጣሉ። መሣሪያውን የማያስፈልጋቸው ቦታ ለብሰው፣ የሚያስፈልጋቸው ቦታ ያወልቁታል ማለት ነው። ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣብኝ። ልናገር ስል ግን እሳቸው ዱቄት የለበሰ እጃቸውን አሳዩኝ።

"ከሄደች ጀምሮ ከእጇ የመጣልኝ እሱ ብቻ ነው" አሉ። "ዱቄት ላልብሰው?"

ወደ ውጭ ወጥቼ ለለሊሴ ደወልኩላት። እሷም መሣሪያውን ያስተካከለችውን የሥራ ባልደረባዋን አገናኘችኝ። ሴትየዋ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ጆሮ ከውጭ የሚገባ ድምፅ ሲያጣ፣ አእምሮ የጎደለውን ፍለጋ ራሱን ከፍ ያደርጋል አለች፤ ጣቢያ ያጣ ሬዲዮ ድምፁን ስንጨምርለት ሹሹታው እንደሚበረታ ነው። መሣሪያው ፉጨቱን አይነቅለውም። የጠፋውን ድምፅ ሲመልስለት ግን አእምሮ የሚይዘው ነገር ያገኛል፣ ፉጨቱም ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይቀራል። ከጠዋት እስከ መኝታ ይደረግ፤ መጀመሪያ ጥቂት ሰዓት፣ ከዚያ እየጨመሩ። ጫጫታ ቤት ውስጥ ግን መሣሪያው ይውለቅና መከላከያ ይደረግ። እኔም ተመልሼ ገባሁና ይሄን ሁሉ በኦቦ ታሲሳ ጆሮ ጮህኩት። የሰማን ጆንያው ብቻ ነበር።

ወደ ድንጋዩ ሄደው በመዳፋቸው ዳበሱት።

"እህል አጥቶ ነዋ" አሉ በመጨረሻ።

"ምኑ?"

"ጆሮዬ። እህል አጥቶ ራሱን እየፈጨ ነው።"

እስከ ዛሬ ድረስ በክፍል ውስጥ የምናገረው የእሳቸውን ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሳይታዩ ክፍሌ መጡ። ባዶዋን ሣጥን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሥር ትተው መሣሪያዎቹን በመሐረብ ጠቅልለዋል። እኔ ጋ አደረጉትና የሱፍ ኮፍያቸውን ጆሯቸው ድረስ ሳቡት። ለጌጤም ቢሆን አንነግራትም አሉ፤ በሦስቱ ጸሎት ያፈርኩት ይበቃል፣ ይሄም ካልሆነ ማንም ሳያይ ይቅር። ሲሆን እነግራታለሁ አሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥቃይ ነበር። የማንኪያ ድምፅ እንደ ሚስማር ይወጋል፣ ገዛ ራሳቸው ሲያኝኩ የሚሰሙት ያስጠላቸዋል። አዴ ጌጤ ደግሞ ስለማያውቁ በቀን ሦስት ጊዜ "ብላ!" ይሏቸዋል፤ እሳቸው ከወንበራቸው ሊወድቁ ይደርሳሉ፣ ግን እንዳልሰሙ ሆነው "እ?" ይላሉ። በሁለተኛው ሳምንት ለወራት ተቀምጠው የማያውቁትን ያህል ቤት መቀመጥ ጀመሩ። "ፉጨቱ ሄደ?" አልኳቸው። "አልሄደም። ጓሮ ወጥቶ ተቀምጧል። ካልጠራሁት አይመጣም" አሉ። ወፍጮውን ለእህታቸው ልጅ ተዉለት፤ እሳቸው የሚሄዱት ድንጋይ ሊወቅሩ ብቻ ሆነ፣ እሱንም የጆሮ መከላከያ አድርገው። የእሑዱ ሞተር ቀረ። እኔም በልቤ አለቀ አልኩ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ሰው ይፈልግሃል አለኝ። ወጣሁ። ኦቦ ታሲሳ ክት ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። በሐሙስ ክት ኮት ሳይ ሰው የሞተ መሰለኝ። ወደ ቤተ ሙከራው አስገባኋቸውና በሩን ዘጋሁ።

"ጌጤ ታወራለች" አሉኝ።

"ለማን?"

"ለኔ። ለጀርባዬ።"

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰምተዋል። መጀመሪያ ትንንሽ ነገር ነበር አሉ። "የጓዳው በር ነፋስ ያስገባል" አለች፤ በነጋታው እንዳጋጣሚ መዶሻ ይዘው ጠገኑት። "እህቴን ካየኋት ስንት ጊዜዬ" አለች፤ ቅዳሜ "ቢላ እንሂድ እንዴ?" አሏት። በአርባ ዓመት ትዳር እንዲህ ስታወራ ሰምተዋት አያውቁም። ዞረው ሊያዩአት ይፈልጋሉ፣ ግን አልቻሉም፤ ከዞሩ እንደሚሰሙ ታውቃለች፣ ካወቀች ዝም ትላለች። አንገታቸው እስኪደነዝዝ በሩን እያዩ ይቀመጣሉ። "ከፉጨቱ ወጣሁ ስል በዚህ ታሰርኩ" አሉ። ከዚያ ወደ መጡበት ነገር ገቡ። ትናንት ሽንኩርት እየላጠች፣ እንዲህ አለች ብለው ቃል በቃል ነገሩኝ።

"ልጅቷ ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆማ ሦስት ጊዜ አባ መርቀኝ አለችህ። እኔ ምሳህን ይዤ አጠገቧ ነበርኩ። ሦስት ጊዜ ጠርታህ ጀርባህን እንዳዞርክ ቀረህ። ሻንጣዋን አንስታ ሄደች። ልጅህን አልሰማም ስላልክ ነው እግዜር ጆሮህን የዘጋው።"

ይሄን ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ።

"አልሰማሁም፣ ባርሲሳ። ሞተሩ እየሠራ ነበር። ጆሮዬ ያኔም ሄዷል፣ ደብቄ ነው እንጂ። እኔ ሳትጠይቀኝ ሄደች ብዬ ስምንት ዓመት ተቀየምኳት። እሷ ጠይቄው ከለከለኝ ብላ ስምንት ዓመት..." ወደ ስልኬ ጠቆሙ። "ደውልልኝ።"

ደወልኩ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን የሙከራ ዕቃ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ኦቦ ታሲሳ ቆሙ። ስልክ ፊት ሳይሆን ሰው ፊት እንደሚቆም ቆሙ፣ የኮታቸውን ቁልፍ ዘጉ። ያን ቀን እንዳልሰሟት ነገሯት። ደንቆሮ እንደነበሩና ያፍሩ እንደነበር ነገሯት። ከዚያ ለሊሴ ሳትጮህ፣ እኔ እንኳ በግድ በሰማሁት ድምፅ፣ "አባ፣ መርቀኝ" አለች።

ኦቦ ታሲሳ ሰሟት። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው በኦሮምኛ መመረቅ ጀመሩ። "ከራን ኬ ሃ ቶሉ" ሲሉ ሰማሁ፣ መንገድሽ ይቅናሽ ማለት ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ለሄደች ልጅ። የቀረውን ሳልሰማ ወጥቼ በሩን ከውጭ ያዝኩት።

ሲወጡ አንድ ነገር አስማሉኝ፤ መስማታቸውን ለጌጤ እንዳልነግር። "የቀረኝ የሷ ድምፅ ነው" አሉ። ማልኩ። ለገና ለሊሴ ከባሏ ጋር መጥታ የአባቷን ጉልበት ስትስም አዴ ጌጤ አለቀሱ፤ እንዴት ታረቃችሁ ብለው ግን አልጠየቁም። ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር፣ ልብ አላልኩም። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሲሬ ተዛወርኩ። ኦቦ ታሲሳ ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ኖሩ፤ በሄድኩ ቁጥር በዚያችው ወንበር፣ ያንኑ ኮፍያ አድርገው፣ ወደ ግቢው መግቢያ እያዩ ነበር የማገኛቸው።

ለቀብር ደረስኩ። በክት ኮታቸውና በክት ጫማቸው ነው የተቀበሩት። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲቀል አዴ ጌጤ ወደ ቤት ጠሩኝ። ወንበሯ በሩ ላይ እንደነበረች ናት። መሣሪያዎቹን ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሯቸው።

"አብረን እንቅበረው አሉ፣ እኔ እንቢ አልኩ" አሉኝ። "ክት አይደለም። የየቀን ነው።"

የማውቀው ነገር እንደሌለ ለመምሰል ሞከርኩ። እሳቸው አዩኝና በኀዘናቸው መሃል ፈገግ አሉ።

"ባርሲሳ፣ በመጋቢት ፀሐይ የሱፍ ኮፍያ የሚያደርግ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ኮፍያው ሲጫነው ደግሞ መሣሪያው ያፏጭ ነበር። ያፏጭብኛል እያለ ሲነግረን ኖሮ፣ በዚያ ሳምንት እኔም ሰማሁት። መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ ፉጨቱ ወደ ውጭ ወጣ እንዴ ብዬ።"

"በመጀመሪያው ሳምንት?"

"በሁለተኛው ቀን። ስለ ጓዳው በር የተናገርኩት ላጣራ ነው። በነጋታው መዶሻ ይዞ መጣ።"

ስለ ለሊሴ የተናገሩትንስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ያን ነገር ለጀርባው ስምንት ዓመት ነግሬዋለሁ" አሉ። "ያን ቀን ግን እንዲሰማ ነው የነገርኩት። በነጋታው ክት ኮቱን ለብሶ ሲወጣ አየሁት። የት እንደሚሄድ አልጠየቅኩም።"

"ታዲያ ማወቅዎን ለምን አልነገሯቸውም?"

"ከነገርኩት ዞሮ ያየኛላ። ፊት ለፊት ከሆነ እኔ አልችልበትም። በጩኸት ኖሬ ፊት ለፊት በቀስታ ማውራት ጠፍቶብኛል።"

መሐላዬን የት ላድርገው? የማልኩላቸው ሰው ሞተዋል፤ ነገርኳቸው። ከሁለት ዓመት በላይ ዞረው ሊያዩአቸው ይፈልጉ እንደነበር፣ ከዞርኩ ዝም ትላለች ብለው ፈርተው እንደቀሩ ነገርኳቸው። አዴ ጌጤ መሣሪያዎቹን ከእጄ ወሰዱ። ወደ በሩ ሄደው የወንበሯን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ያዙና አነሷት፤ ዞር አድርገው ፊቷን ወደ ቤት መለሷት። መሣሪያዎቹን መቀመጫዋ ላይ አኖሩ። በርጩማቸውን ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡና በቀስታ ማውራት ጀመሩ።

የእኔ ጆሮ ደኅና ነው፣ የተናገሩትን ሰምቻለሁ። ለእኔ ስላልነበረ ግን ወጣሁ።